ስለ ጊንጥ መርዝ

ጊንጥ ስምንት እግሮችና ሁለት መቈንጠጫዎች ያሉት ትንሽ ፍጥረት ነው። በጅራቱ ጫፍ መርዝ የቋጠረ መርፌ አለ። ቀን ከድንጋይ ሥር፥ ከእንጨት ክምር ውስጥ ወይም ከግድግዳ ስንጥቅ ገብቶ ይውላል፤ ሌሊት ምግቡን ሊፈልግ ይወጣል። ሰውን አሳዶ የሚነድፍ አይደለም፤ ሲረገጥ ወይም ሳይታይ በእጅ ሲጨበጥ ግን ራሱን ለማዳን ይነድፋል። ስለዚህ በቆላ አገር አስተዋይ ሰው ጫማውን ሳያራግፍ አያጠልቅም።

የብዙዎቹ ጊንጦች መርዝ ሕመም እንጂ ሞት አያመጣም፤ ጥቂቶቹ ግን ገዳዮች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ሊቃውንት ባወጡት ግምት፥ በዓለም ሁሉ በያመቱ 1,200,000 ያህል ሰዎች ይነደፋሉ፤ ከእነዚህም ከ3,000 የሚበልጡት ይሞታሉ። አደጋው በሕፃናት ላይ ይብሳል፤ አንድ ልክ የሆነ መርዝ ከትልቅ ሰው ይልቅ በትንሽ ሰውነት ውስጥ ይበረታልና።

በህንድ አገር በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ፥ ኮንካን የሚባል ሩዝ የሚዘራበት ሞቃት ምድር አለ። በዚያ የሚኖረው ቀይ ጊንጥ እጅግ ክፉ ነው። የነደፈው ሰው ያልበዋል፥ ያስታውከዋል፥ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። የደም ሥሮቹም ስለሚጠብቡ ልቡ ደሙን ለመግፋት ይደክማል፤ ሕመሙ ከጸናም ሳንባው ውሃ ይሞላና ትንፋሹ ያጥረዋል።

በ1976 ዓ.ም. ሂማትራኦ ባዋስካር የሚባሉ ወጣት ሐኪም፥ የድኻ ገበሬ ልጅ፥ በዚያ ምድር ቢርዋዲ በምትባል መንደር ሥራ ጀመሩ። በጊንጥ የተነደፉ ሰዎች በእጃቸው ላይ ሲሞቱ አዩ። በዚያን ዘመን ሳንባቸው ውሃ ከሞላባቸው በሽተኞች ከመቶው 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ሐኪሙም ከበሽተኞቹ አጠገብ ሆነው የልባቸውን ምትና የደማቸውን ግፊት እየመረመሩ ይጽፉ ነበር። ከዚያ በኋላ ፕራዞሲን የተባለውን እንክብል ሰጡ። ይህ እንክብል ለጊንጥ ሳይሆን ለደም ግፊት በሽታ የተሠራ ነበር፤ ዳሩ ግን የጠበበውን የደም ሥር ያሰፋልና ጠቀመ። የሟቾቹም ቍጥር ከመቶው ወደ 1 ወረደ። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ፥ የመርዙ ማርከሻ ከእንክብሉ ጋር ሲሰጥ በሽተኛው ፈጥኖ እንደሚድን አሳየ።

ነገር ግን መድኃኒት የሚጠቅመው በጊዜው ለደረሰ ሰው ነው። የተነደፈውን ልጅ ወደ ሐኪም ሳይሆን አስቀድሞ ወደ ድግምተኛ የሚወስዱ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ድግምቱ ሲደገም ሰዓቱ ያልፋል፥ መርዙም ሥራውን ይሠራል። ቁስሉን በምላጭ መብጣት፥ በአፍ መምጠጥ፥ እግሩን በገመድ ማሰር መርዙን አያወጣም፤ ሌላ ጉዳት ይጨምራል እንጂ። ለሥቃዩ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በቦታው ላይ ማድረግ ይበቃል። ልጁንም እንዳይሮጥ ከልክሎ፥ መንገዱ ሩቅ ቢሆን እንኳ በጀርባ አዝሎ፥ ሳይነጋ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።