ከ49 ዓመት በኋላ የማትቆጠረው ሴት

ከሰበታ ወደ ተፍኪ የሚወስደው የጅማ መንገድ የበቾን ጥቁር የጤፍ መሬት ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ አካባቢ ሃምሳ ዓመት የደፈነች ሴት «ከውስጤ እሳት ይነሳል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ እንቅልፍ የለኝም፤ እንዲያው ሆድ ይብሰኛል» ብትል ጎረቤት ምች ነው ይላታል፣ ልጆቿ ደም ግፊት ወይም ጨጓራ። ማረጥን የሚያነሳ እምብዛም የለም፤ ድባቴን የሚያነሳማ ከዚያም ያንሳል።

ጥፋቱ የጎረቤት ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ሲካሄድ ከሴቶች የጠየቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም በእናቶች ጤና ረገድ ደጅ የሚያንኳኩት በዋናነት ስለ እርግዝና፣ ስለ ወሊድና ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ነው። የወር አበባ ደግሞ በአብዛኛው የሚቆመው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሥርዓቱ ሴቲቱን የሚያውቃት መውለድ እስከምትችል ድረስ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ነገሩ ተራ ሆድ መባስ ነው ለሚል መልስ አለ። በ2016 ዓ.ም. የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የ9,141 ሴቶችን መረጃ የያዙ ሰባት ጥናቶችን መርምረው፣ ወደ ማረጥ በመሸጋገር ላይ ያሉ ሴቶች ለድባቴ ያላቸው ተጋላጭነት ሽግግሩን ካልጀመሩት በ40 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ሆርሞኑ ኤስትሮጅን ከመቀነሱ በፊት ለዓመታት ከፍ ዝቅ ይላል፤ መዋዠቁ ስሜትን የሚመሩ የአንጎል ኬሚካሎችንም ይነካል። የሌሊቱ ላብ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ስሜትን ያደክማል። ቀድሞ ድባቴ ያገኛት ሴት ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ናት።

እርግጥ ማረጥ ሁሉ ሐዘን አይደለም። በወር አበባ ምክንያት ከቤተ መቅደስ ደጅ ስትቆም ለኖረች ኦርቶዶክሳዊት እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ ሙስሊሟም ረመዳንን ሳታቋርጥ ትጾማለች። ይህ በለንደኑ ስሌት ውስጥ የለም፤ ጥናቶቹ ከአፍሪካ አልመጡምና።

ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የአዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነው፤ ስሙም ያስፈራል። ሆኖም የሠለጠነ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ድባቴን በምክርና በመድኃኒት ማከም ይችላል። አንዳንዱ የድባቴ መድኃኒት ከውስጥ የሚነሳውን ሙቀትም ያቀልላል። የሆርሞን ሕክምና ለአንዳንዷ ይጠቅማል፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ላጋጠማት ግን አይመከርም።

እናንተ ጤና ጣቢያ ያላችሁ፣ ሃምሳ የደፈነችውን ስለ ወር አበባዋና ስለ እንቅልፏ አብራችሁ ጠይቋት። ልጆቿም፣ የእናታችሁ ሐዘን ሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ሐኪም ውሰዷት። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ግን ነገ አትበሉ፤ ዕለቱን ውሰዷት።