ከሾፌሩ ወንበር ሥር ያለው 796 ሲሲ

ካርቱም ውስጥ መንገድ ዳር እጁን የዘረጋ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ የምትቆመው አምጃድ ነበረች። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት ደይም ሠፈር የሚኖር አበሻ ዕቃም ዘመድም የሚያመላልሰው በእሷ ነበር፤ ሒሳቡ በቆጣሪ ሳይሆን በመስኮት በኩል በክርክር ያልቅ ነበር። ጠባብና አፍንጫ የሌላት ሚኒባስ ናት። የፋብሪካ ስሟ ዴዉ ዳማስ ይባላል። ንድፏ ከጃፓኑ ሱዙኪ ኬሪ የተወሰደ ሲሆን፣ ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 ማምረት ጀምራ በ2021 አቁማለች። ሠላሳ ዓመት ገበያ ላይ የቆየ መኪና ወይ በጣም ጥሩ ነው፣ ወይ በጣም ርካሽ ነው። አምጃድ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አላት።

አፍንጫ ከሌላት ሞተሩ የት ገባ? ከፊት ወንበሮች ሥር። ሾፌሩ ዘይት ሊያይ ሲፈልግ ኮፈን አይከፍትም፤ ተነሥቶ ወንበሩን ይገለብጣል። ስለዚህ ሞተሩ ሲግል ቀድሞ የሚያውቀው የሙቀት መለኪያው ሳይሆን የሾፌሩ መቀመጫ ነው።

ሞተሩ ሦስት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ወርድ 68.5 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው ደግሞ 72 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቢያሰሉት አንዱ ሲሊንደር 265 ሲሲ ገደማ ይይዛል፤ ሦስቱ ሲደመሩ 796። ቫልቮቹ ስድስት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ማስገቢያ፣ አንድ ማስወጫ። እነሱን የሚከፍተው ዘንግ ከላይ ተቀምጦ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ) በጎማ ቺንጋ ያዞረዋል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ የሚሰጠው 40 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። በዚህ ጉልበት ሰባት ሰውና ከጣሪያው በላይ ፍራሽ መጫን ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ሲጮህ እንዲውል መፍረድ ነው። ትልቅ ሞተር ያለው መኪና ዝም ብሎ የሚሄድበትን ፍጥነት አምጃድ የምታገኘው በጩኸት ነው።

ሦስት ሲሊንደር መሆኑ ሌላም መዘዝ አለው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ አንዱ ካንዴላ ቢሰንፍ መኪናው ያነክሳል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢሰንፍ ግን የጉልበቱ ሲሶ ሄዷል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ እንኳ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል። ጥፋተኛውን ለማግኘት የቆየው የመካኒክ ዘዴ ቀላል ነው፤ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ መንቀል። ጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ ይባስ ይንገጫገጫል። ሲነቀል ምንም ለውጥ የማያመጣው፣ ድሮም ያልሠራው እሱ ነው። ገመዱ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በብዙ ሺህ ቮልት የሚለካ ስለሆነ በባዶ እጅ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ወደ ዋናው በሽታ፣ ወደ መፍላት፣ እንምጣ። እንዲህ ያለ ሞተር ካቃጠለው ቤንዚን ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። ቀሪው ሙቀት ነው፤ ከዚያም ትልቁ ክፍል በማርሚታ በኩል ከጭሱ ጋር ሲወጣ፣ የሚበዛውን ቀሪ ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል። ራዲያተር ሙቀትን የሚጥለው በውሃውና በውጭው አየር መካከል ባለው ልዩነት መጠን ነው። ውሃው 90 ዲግሪ ቢሆንና የአዲስ አበባ አየር 20 ቢሆን ልዩነቱ 70 ነው። ያው ራዲያተር ካርቱም ውስጥ በግንቦት ቀትር፣ 45 ዲግሪ በሆነ የአስፋልት አየር ውስጥ ሲቆም ልዩነቱ 45 ብቻ ይሆናል። ምንም ነገር ሳይበላሽ ከአቅሙ ከሲሶ በላይ አጣ ማለት ነው። (የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ጥቂቱን ጥቅም መልሶ ይወስዳል፤ ፍርዱን ግን አይለውጠውም።) በዚያ ላይ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ አካባቢ በመኪና መጨናነቅ ሲቆሙ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም፤ ያለው ፋኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ አምጃድ ስትፈላ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ክዳኑን ነው። የራዲያተር ክዳን እንደ ጠርሙስ ክዳን መዝጊያ ብቻ ይመስላል፤ ሥራው ግን ውሃውን አፍኖ መያዝ ነው። ካርቱም ከባሕር ወለል 380 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ክፍት ውሃ እዚያ 99 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና ክዳን ከአየሩ ግፊት ላይ 0.9 ባር ገደማ ሲጨምርበት መፍያው ወደ 118 ይጠጋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ያ ሃያ ዲግሪ ያህል መጠባበቂያ ይጠፋል። ብዙ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የተፈታው በዚህች ርካሽ ዕቃ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። ክዳኑ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የራዲያተሩ ክንፎች ይታዩ፤ አቧራና ነፍሳት ደፍነዋቸው ይሆናል። ከውስጥ ደግሞ ከቧንቧ እየተቀዳ ዓመት ሙሉ የሚጨመር ውሃ ድንጋይ እያበጀ ቱቦዎቹን ያጠባል። ራዲያተሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከመሃል ስለሆነ በመካከላቸው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ውሃ ሲለወጥ አየር እዚያ ውስጥ ከታሰረ አዲስ ውሃ የተሞላ መኪና በሰዓት ውስጥ ሊፈላ ይችላል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም በሞቃት አገር የተለመደ ነው። እኔ አልስማማም። ቴርሞስታት የሚከፈተው ውሃው 80 ዲግሪን አልፎ ነው፤ ደህና ቴርሞስታት በቀትር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ስለሚውል ለመፍላቱ ተጠያቂ አይሆንም። አውጥተው ሲጥሉት የሚጎዳው የጥዋቱ ሥራ ነው፤ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ይቆሽሻል። ተጣብቆ አልከፈት ያለውን በአዲስ መለወጥ ነው እንጂ ቦታውን ባዶ መተው መፍትሔ አይደለም።

ፈልቶ መነዳቱ ከቀጠለ የሚመጣው ከባዱ ነው። የሞተሩ አካል ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በሁለቱ መካከል ተጨፍልቆ የሚኖረው ጓርኒሲዮን ይህን ግጭት በየቀኑ ይችለዋል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይበላል። ምልክቶቹ አይደበቁም፤ ራዲያተሩ ውስጥ የማይቆም አረፋ፣ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታ የሚወጣ ነጭ ጭስ፣ ወይም ዘይቱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ማኪያቶ መስሎ መገኘቱ። ያኔ ቴስታታው ተፈትቶ መላግ አለበት። በፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ የተጣመመውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ በራሱ ጊዜ ይብረድ፤ ክዳኑም እስኪቀዘቅዝ አይነካ፤ ታፍኖ የነበረው ውሃ በተከፈተ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊት ላይ ይወጣል።

ሙቀቱ ውሃውን ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌዎቹ አምጃዶች ላይ ሌላ እንቆቅልሽ አለ፤ መኪናዋ ደህና ስትሄድ ቆይታ ለአሥር ደቂቃ ከጠፋች አልነሣም ትላለች። ሞተሩ ሲጠፋ ውሃውም ፋኑም ይቆማሉ፤ ከወንበሩ ሥር የታፈነው ሙቀት ወደ ቤንዚን ቱቦውና ወደ ካርቡሬተሩ ይዘልቃል። ቀላሉ የቤንዚን ክፍል 40 ዲግሪ ሳይደርስ መትነን ይጀምራል፤ ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ ተን መግፋት አይችልም። ሾፌሮች ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲጠቀልሉ ያየ እንደ ጥንቆላ ሊቆጥረው ይችላል። ልክ ናቸው፤ በደረቁ የካርቱም አየር ውስጥ ከጨርቁ የሚተነው ውሃ ቱቦውን በፍጥነት ያቀዘቅዘዋል፣ ተኑም ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል።

አቧራው ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ግድግዳ በክረምቱ መግቢያ ከተማዋን ሲያለብስ፣ ሞተሩ ከእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ጋር በሺህ የሚቆጠር ሊትር አየር ይስባል። የአየር ፊልትሮው ከተቀደደ ወይም በደንብ ካልገጠመ ደቃቁ አሸዋ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል፤ ፋሻ የሚባሉት የፒስተን ቀለበቶች ይሳሳሉ፣ ዘይት ወደ ላይ ይወጣና ሰማያዊ ጭስ ይጀምራል። ዘይቱ በጠቅላላው ሦስት ሊትር ገደማ ስለሆነ ግማሽ ሊትር መቃጠሉ ትልቅ ጉድለት ነው። ለዚህ ሞተር በየሳምንቱ ዘይት ማየት ቅንጦት አይደለም። ቺንጋው ደግሞ ማስጠንቀቂያ የማይሰጥ ዕቃ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ 60,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ የተለመደ የመለወጫ ርቀት ነው። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ቆጣሪውን ሳያምን በመጀመሪያው ሳምንት ቢለውጠው ይሻለዋል።

ካርቡሬተር ያላትን መኪና ከካርቱም በገዳሪፍና በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ይዞ ለሚወጣ አንድ ነገር ልጨምር። መተማ 700 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናቸው። ካርቡሬተር አየርን የሚለካው በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስና ጉልበት ማጣት ሲመጣ ሞተሩ አልታመመም፤ ቤንዚን በዝቶበታል። የታችኛውን አገር ልክ የያዘው ካርቡሬተር ጎንደር ላይ እንደገና ቢስተካከልለት ጭሱ ይጠፋል፤ ጉልበቱ ግን በሙሉ አይመለስም፤ የአየሩ መሳሳት በመካኒክ የሚጠገን አይደለም። መኪናው ወደ ካርቱም የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማስተካከያው ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስ። የደጋውን ልክ ይዞ ቆላ የወረደ ሞተር ቤንዚን ያጥረዋል፤ ቤንዚን ያጠረው ሞተር ደግሞ ይብስ ይሞቃል።