«ፖምፓው ነው» የምትባለው ቃል ስንት ታስከፍላለች?

በአውሮፓና በአሜሪካ የአሮጌ ስፖርት መኪና ገበያ የሞቀ ድርድርን ባንድ ጊዜ የምታቀዘቅዝ አጭር ቃል አለች፤ «ፖምፓው ነው» የምትባለዋ። መኪናው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጧት አልነሳም ይላል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይንተፋተፋል። ሻጭ ዋጋ ይቀንሳል፣ ደላላ ሁለቱን ለማስማማት ይሯሯጣል፣ ገዥ ደግሞ ፖምፓውን አስፈትቶ ለእድሳት ይልካል። ብዙ ሺሕ ዶላር ወጥቶበት ሲመለስ ግን ጭሱ እንዳለ ይገኛል። ነገሩ ሲጣራ ጥፋቱ የአንዲት የተቀደደች የአየር ቱቦ ሆኖ ያርፋል።

ይህ ችግር ጎልቶ ከሚታይባቸው መኪኖች አንዱ ፖርሽ 911 ነው። የጀርመኑ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1969 ሞዴል ጀምሮ «ኢ» እና «ኤስ» በተባሉት 911 መኪኖች ላይ በካርቡራቶር ምትክ የቦሽ ኩባንያ የሠራውን ሜካኒካል የነዳጅ ፖምፓ ገጠመ። የ1973 ሞዴል የሆነው ካሬራ አር ኤስ 2.7ም በዚሁ ዘዴ 210 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ለውድድር ፈቃድ ሲባል 500 ብቻ እንዲሠራ የታሰበው ይህ መኪና በመጨረሻ 1,580 ተሠርቷል። ዛሬ በጨረታ የሚጠየቅበት በመቶ ሺሕዎች ዶላር የሚቆጠር ሲሆን ከሚሊዮን በላይ የተሸጡም አሉ። እንዲህ ባለው ንብረት ላይ የተሳሳተ የመካኒክ ቃል ምን ያህል እንደሚያከስር መገመት አያዳግትም።

የፖምፓው አሠራር የናፍጣ መኪና ለሚያሠራ ነጋዴ ብዙ እንግዳ አይደለም። ለስድስቱ ሲሊንደሮች ስድስት ትንንሽ ፒስተኖች አሉት። በጥርሳም ቺንጋ ከሞተሩ ካምሻፍት ጋር ተያይዞ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ፒስተን ቤንዚኑን ገፍቶ በቀጭን ቧንቧ ወደየራሱ ኖዝል ይልካል። ልዩ የሚያደርገው የነዳጁን ልክ የሚወስንበት መንገድ ነው። በውስጡ እንደ ኮረብታና ሸለቆ ከፍና ዝቅ ተደርጎ የተቀረጸ ብረት አለ። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን የረገጠበት ልክና የሞተሩ ፍጥነት ተጣምረው ከዚህ ብረት ላይ አንዲት ነጥብ ይመርጣሉ፤ የነዳጁም መጠን በዚያች ነጥብ ከፍታ ይወሰናል። ብረቱ የተቀረጸው ለአንድ ዓይነት ሞተር በመሆኑ የሌላ ሞዴል ፖምፓ ቢገጠምበት መኪናው ይነሳ እንደሆነ እንጂ በወጉ አይሄድም።

ፋብሪካው ለጋራዦች ያወጣው መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይከፍለዋል፤ መመርመር፣ መለካት፣ ማስተካከል። ማስተካከል መጨረሻ ላይ መምጣቱ ያለ ነገር አይደለም። በቅድሚያ የየሲሊንደሩ ግፊት ይለካል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ የቫልቮቹ ክፍተት 0.1 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ካንዴላውና የእሳቱ ሰዓት፣ ከዚያም የነዳጅ ማጣሪያውና ቤንዚን የሚያቀርበው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ይታያሉ። ቺንጋው ጥርስ ስቶ እንዳልተገጠመ ይጣራል። የአየር ማስገቢያዎቹ እኩል መክፈታቸውና የማያያዣ ዘንጎቹ አለመላላታቸው ይመረመራል። የጭሱ ይዘት በመሣሪያ ተለክቶ የፖምፓው ብሎን የሚነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉን የሚያስገድድ ምክንያት አለ። የፖምፓው ማስተካከያ ብሎን የስድስቱንም ሲሊንደሮች ነዳጅ ባንድ ላይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አንዱ ሲሊንደር በቫልቭ ጉድለት ቢደክምና መካኒኩ ያንን ለመሸፈን ነዳጅ ቢጨምር፣ ጤነኞቹ አምስቱ ከልክ በላይ ይጠጣሉ። የቀድሞው ልክም ስለሚጠፋ ቀጣዩ ጋራዥ ከየት እንደሚነሳ ይቸገራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

አንድ ሲሊንደር ብቻ ሲታመም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ አለ። የካንዴላ ገመዶቹ በየተራ ሲነቀሉ የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ሥራ ፈት ነው። የእሱ ኖዝል ከጤነኛው ሲሊንደር ኖዝል ጋር ይለዋወጣል። ሕመሙ ከኖዝሉ ጋር ከተዛወረ የሚገዛው አንድ ኖዝል ነው። ካልተዛወረ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ እሳቱ፣ ወደ ግፊቱ፣ ወደ ቧንቧው ወይም ወደ ፖምፓው ፒስተን ይሄዳል።

ጥቁር ጭስ ያስቸገረው ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ወደ ፖምፓው የሚመጣውን የሙቅ አየር ቱቦ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ፖምፓው ነዳጅ አብዝቶ ይሰጣል። ከጭስ ማውጫው አካባቢ የሚመጣው ሙቅ አየር በፖምፓው ላይ ያለውን ቴርሞስታት ሲያሞቀው ነዳጁ ይቀንሳል። ቱቦው ከተቀደደ ወይም ከወለቀ ፖምፓው ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ የነዳጅ ወጪውም ያሻቅባል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ከወደብ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፖምፓው ይህን የሚያውቀው በውስጡ ባለች የታሸገች የአየር ሣጥን ነው። ከፍታ ላይ ሣጥኗ ትነፋና ነዳጁን ታስቀንሳለች። ሣጥኗ ከተበላሸች ግን የነዳጁ ልክ ይዛባል።

ፖምፓው ፈጽሞ አይበላሽም ማለት አይደለም። ለዓመታት በቆመ መኪና ውስጥ ቤንዚኑ ደርቆ ፒስተኖቹን ያጣብቃል፤ ብዙ በሠራው ላይ ደግሞ ፒስተኖቹ ተበልተው ቤንዚን ወደ ሞተሩ ዘይት ያሳልፋሉ። ሆኖም የዘይቱ ሽታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቱቦው ሲቀደድም ሽታው ያው ነውና።

እንግዲህ ገዥና ደላላ ከክፍያ በፊት ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። መኪናው ሻጩ አስቀድሞ ሳያሞቀው፣ ቀዝቃዛ እንዳለ ሲነሳ ይታይ። በፖምፓው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሞተሩ ዓይነት ጋር ይመሳከር። የግፊት ልኬቱ በወረቀት ይጠየቅ። ፖምፓው ተነቅሎ ካርቡራቶር የተገጠመበት ከሆነ ዋናው ፖምፓ አብሮ መሸጡ ይጣራ፤ የሌለ እንደሆነ ተመጣጣኙን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ወጪ ነውና ከዋጋው ላይ ይነሳ። «ፖምፓው ነው» የሚል ሻጭ ወይም መካኒክ ሲያጋጥምም የሚጠየቀው አንድ ነው፤ ከፖምፓው በፊት ምን ምን ተለካ? መልስ ካልተገኘ የተባለው ግምት ነው፤ በግምት ደግሞ ዋጋ አይቆረጥም።