ከኢንቴቤ እስከ ፎገራ፦ የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭን እንተዋወቅ

የካቲት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. ዳሬሰላም ላይ የተሰበሰቡት የውሃ ሚኒስትሮች አንድ ጠብታ ውሃ እንኳ አልተካፈሉም። ሊካፈሉም አልመጡም ነበር። የተስማሙት ስለ ወንዙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያገናኛቸው ጊዜያዊ ተቋም ለማቆም ነው። ቡሩንዲ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሩዋንዳ፣ ሱዳን፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ በአባልነት ገቡ፤ ኤርትራ በታዛቢነት ተቀመጠች፤ ደቡብ ሱዳን ደግሞ ነፃ ከወጣች በኋላ ተጨመረች። ጊዜያዊ የተባለው ይህ ተቋም፣ የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ፣ እነሆ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በአገራችን ስሙ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ግብፅ ስታኮርፍ ነው። የዕለት ሥራውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ እንደ እኔ እምነት የዓባይ ነገር የሚቃናውም የሚበላሸውም በዚያ ማንም ልብ በማይለው ሥራ ነው።

አወቃቀሩ ብዙ አያስቸግርም። ከላይ የየአገሩ የውሃ ሚኒስትሮች ምክር ቤት አለ፤ ሰብሳቢነቱ በየዓመቱ ከአገር አገር ይዞራል። ሚኒስትሮቹን የሚያማክር የባለሙያዎች ኮሚቴ ከሥሩ ተቀምጧል። ዋናው ጽሕፈት ቤት ኡጋንዳ ውስጥ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው ኢንቴቤ ነው። የሐይቆቹን አገሮች የሚመለከተው ቅርንጫፍ ኪጋሊ ሲሆን፣ የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ቀጣና ጽሕፈት ቤት፣ በአጭር ስሙ ኤንትሮ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ይገኛል። ውሳኔ የሚተላለፈው በሙሉ መግባባት ስለሆነ ነገሩ ሁሉ መጓተቱ አይቀርም።

የተሸከመው ጓዝም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ሁለቱ ብቻ በተዋዋሉት ውል፣ አስዋን የሚደርሰውን በአማካይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የዓመት ውሃ 55 ነጥብ 5ቱን ለግብፅ፣ 18 ነጥብ 5ቱን ለሱዳን ብለው ተካፈሉት፤ የቀረው 10 ቢሊዮን በትነት የሚጠፋ ተብሎ ተያዘ። ሒሳቡ እዚያ ላይ ተዘጋ። ከዚያ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ የሚነሳባት ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ አንድም ቦታ የላትም። ይህን ለመለወጥ ለዓመታት ሲደራደሩበት የቆዩት የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ቀረበ። ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ የዚያኑ ዕለት ፈረሙ። ያጣላው ስለ ውሃ ደኅንነት የሚናገር አንድ ንኡስ አንቀጽ ነው፤ የታችኞቹ አገሮች አሁን ያለው አጠቃቀማቸውና መብታቸው እንዳይነካ የሚል ቃል ይግባልን አሉ፣ የላይኞቹ ደግሞ ይህ የ1959ኙን ውል በጓሮ በር ማስገባት ነው ብለው እምቢ አሉ። ግብፅና ሱዳን ከኢኒሼቲቩ ሥራ ራሳቸውን አገለሉ፤ ሱዳን ቆይታ ተመለሰች። ስድስተኛዋ አጽዳቂ ደቡብ ሱዳን ሆነችና ስምምነቱ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

ፖለቲካውን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ወንዙ ዳር ልውረድ። ለመሆኑ የሚያጣላው ውሃ የሚለካው እንዴት ነው?

ድልድይ አጠገብ ወይም ወንዙ ቀጥ ብሎ በሚፈስበት ቦታ ሜትርና ሳንቲሜትር የተጻፈበት ሰሌዳ ይተከላል። ጣቢያውን የሚጠብቀው ሰው ጠዋትና ማታ ወደ ዳር ወርዶ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር በደብተሩ ይጽፋል። ይህ ግን ከፍታ ነው እንጂ መጠን አይደለም። መጠኑን ለማግኘት ባለሙያዎች ውሃው ሲጎድልም ሲሞላም እየመጡ፣ በጀልባ ወይም በተወጠረ ገመድ ላይ ሆነው፣ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በብዙ ቦታ ይሸነሽኑትና በእያንዳንዱ ሽንሽን ጥልቀቱንና የውሃውን ፍጥነት ይለካሉ። ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ሲባዙ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ ይታወቃል። ይህ ደጋግሞ ከተሠራ በኋላ ከፍታን ከመጠን ጋር የሚያገናኝ መስመር ይሣላል፤ ከዚያ ወዲያ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ሦስት ሜትር ከሃያ ስንት ውሃ እንደሆነ መስመሩ ይናገራል። ጣጣው የሚመጣው በክረምት ነው። ጎርፉ የወንዙን ወለል ይቦረቡረዋል ወይም በደለል ይሞላዋል፤ ወለሉ ሲለወጥ የትናንቱ መስመር ይዋሻል። እንደ ዓባይ አፈር እየጠረገ በሚወርድ ወንዝ ላይ ልኬቱ በየጊዜው ካልታደሰ ደብተሩ ሙሉ ሆኖ ቁጥሩ ባዶ ነው። አንዳንዴም ሰሌዳውን ራሱን ጎርፍ ይወስደዋል።

ግብፆች ይህን ሥራ ከጥንት ያውቁታል። ካይሮ፣ ሮዳ ደሴት ላይ የሚገኘው የናይል መለኪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ861 ነው፤ በጉድጓዱ መካከል በክንድ የተከፋፈለ ዓምድ ቆሟል። የዓመቱ ግብር የሚወሰነው ውሃው ስንት ክንድ እንደወጣ ታይቶ ነበር። በካይሮ ለብዙ ዓመታት የሠራው እንግሊዛዊ ሃሮልድ ኸርስት የናይልን ረጅም መዛግብት አገላብጦ፣ የጥጋብ ዓመታት ተከታትለው፣ የድርቅ ዓመታትም ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው አሳየ። ዮሴፍ ለፈርዖን የፈታውን ሕልም የሚያውቅ አንባቢ ላይደንቀው ይችላል። ግድብ ለሚነድፍ መሐንዲስ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ አንድ ክፉ ዓመት ለማለፍ የተሰላ ማጠራቀሚያ ተከታትለው ለሚመጡ ክፉ ዓመታት አይበቃም።

የልኬቱ ችግር ደግሞ ቁጥሩ አለመታመኑ ብቻ ሳይሆን አለመጋራቱም ነው። ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ አገር የራሱን ለክቶ የራሱን መሳቢያ ሲቆልፍ ኖሯል። ኢኒሼቲቩ ካመጣው ለውጥ ትልቁ አባል አገሮች መረጃ የሚለዋወጡበት አሠራር መኖሩና የጋራ የመለኪያ ጣቢያዎች መረብ መዘርጋት መጀመሩ ይመስለኛል። ዜና አይሆንም፤ ሪባንም አይቆረጥለትም።

ከመሳቢያ የወጣ ቁጥር ደግሞ ሕዝብ ዘንድ የሚደርሰው በጋዜጠኛ እጅ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ እንውሰድ። ሐይቁ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይህን ከግብፅ 55 ነጥብ 5 ቢሊዮን ጎን አስቀምጦ ኢትዮጵያ ከግብፅ ድርሻ የበለጠ ልትወስድ ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የአንዱን ሰው የባንክ ተቀማጭ ከሌላው ሰው ደመወዝ ጋር እንደማወዳደር ያለ ስህተት ግን ነው። አንደኛው በዓመታት የተጠራቀመ ነው፤ ሙሌቱ በ2012 ክረምት በ4 ነጥብ 9 ቢሊዮን ተጀምሮ በየክረምቱ ቀጥሏል። ሌላው በየዓመቱ እየመጣ የሚያልፍ ነው። ሐይቁ ከሞላ በኋላ የገባው ውሃ ተርባይን መትቶ ይወጣል፤ በትነት የሚበላው ሲቀር። በእኛ በኩልም ጉድ አለ። የግድቡ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው ሲባል ክረምት ከበጋ፣ ቀን ከሌሊት ያንኑ ያህል የሚመነጭ የሚያስመስል ዘገባ ሞልቷል። አቅምና ምርት ለየቅል ናቸው፤ ውሃው እንደ ወቅቱ ነው።

ይህን ለማቃናት ከተነሱት መካከል ኢንፎናይል አንዱ ነው። ኡጋንዳዊው ጋዜጠኛ ፍሬድሪክ ሙጊራና አኒካ ማክጊኒስ እ.ኤ.አ. በ2017 የመሠረቱት የተፋሰሱ ጋዜጠኞች መረብ ሲሆን፣ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ዘጋቢዎች አንድ ጉዳይ ተካፍለው በካርታና በመረጃ አስደግፈው ይሠሩታል። የውጭ ባለሀብቶች በተፋሰሱ አገሮች ስለያዙት ሰፋፊ እርሻና እርሻው ስለሚጠጣው ውሃ ያወጡት ተከታታይ ዘገባ የሚጠቀስ ነው። ኔዘርላንድስ፣ ዴልፍት ከተማ ያለው የውሃ ትምህርት ተቋም አይ ኤች ኢም የናይል ጋዜጠኞችንና ተመራማሪዎችን አንድ ክፍል አስቀምጦ ያነጋገረበት ፕሮጀክት ነበረው። እንዲህ ያለው መገናኛ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው ዘጋቢ የአስዋን ግድብ ደለሉን ስለያዘበት ዳርቻው በባሕር የሚበላውን የናይል ዴልታ አይቶ አያውቅም፤ የካይሮውም ዓባይ የሚጠርገው አፈር ከማን ማሳ ላይ እንደተነሳ አያውቅም። ሁለቱም ግን ስለ ወንዙ በየሳምንቱ ይጽፋሉ።

ፊርማና ማጽደቅ የማይጠብቁ ደግሞ አሉ፤ ከውሃው ችግር ሥራ የሚፈጥሩ ወጣቶች። እንቦጭ የተባለውን የውሃ አረም እናንሳ። የዘር አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ጣናን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ያዘው። አበባው ሐምራዊና ለዓይን የሚያምር ነው፤ የቅጠሉ አገዳ አየር የቋጠረ ጉብታ ስላለው አይሰምጥም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይበቅላል። የደንቢያ ገበሬ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅለው፣ የሚሸከመው ከዘጠና በመቶ በላይ ውሃ ነው። ጀልባ ሙሉ አውጥቶ ዳር ላይ የቆለለው ሲደርቅ ይሟሽሽና ለምንም የማይበቃ ይሆናል። ለዚህ ነው ዘመቻ ብቻውን የማያዋጣው፤ የሚነቀለውን የሚገዛ ሰው ካልተገኘ ነቃዩ ይደክመዋል፣ እንቦጩ አይደክመውም።

ኬንያዊው ጆሴፍ ንጉቲሩ የኤገርተን ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ሳለ፣ ለመስክ ትምህርት ናይቫሻ ሐይቅ ላይ የተሳፈሩባት ጀልባ እንቦጭ ውስጥ ተቀርቅራ ለሰዓታት ቆመች። ከዚያ የተነሳው ሐሳብ ሃያፓክ የሚባል ድርጅት ወለደ። እንቦጩ ደርቆና ተፈጭቶ፣ ከማጣበቂያ ጋር ተደባልቆ ፕላስቲክን የሚተካ መጠቅለያ ይሆናል። ከምርቶቹ አንዱ የችግኝ ከረጢት ነው፤ ችግኙ ከነከረጢቱ ይተከላል፣ ከረጢቱም አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። በየክረምቱ ችግኝ ተክሎ ሲመለስ ጥቁሩ ፕላስቲክ ሜዳው ላይ ተበትኖ ያየ ሰው የዚህ ጥቅም አይጠፋውም። (ናይቫሻ በነገራችን ላይ የናይል ተፋሰስ አይደለም፤ እንደ ዝዋይና እንደ ሐዋሳ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው።) የልጁ ብልሃት እንዳለ ሆኖ፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የፕላስቲክ ከረጢትን በሕግ ባታግድ ኖሮ ገዢው ይህን ያህል ባልተገኘ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በኪጋሊና በካምፓላ የሚሠራው ጂቡ የተባለ ድርጅት ሌላ መንገድ ይዟል። ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው የውሃ ማጣሪያ መሣሪያ ተሰጥቶት ሱቅ ይከፍታል፣ ውሃውን እዚያው አጣርቶ ተመልሶ በሚሞላ ዕቃ ይሸጣል፤ የሱቁ ባለቤት እሱ ራሱ ነው። የአዲስ አበባን የጎርፍ ቦይ የሚደፍነውን ዓይነት ባዶ ሃይላንድ ያስቀራል። ቢሆንም ይህ ዓይነቱ ሥራ በቀጭን ገመድ ላይ የሚሄድ ነው፤ ካላተረፈ ይዘጋል፣ ትርፍ ብቻ ካየ ደግሞ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ላይ የምትሰለፈዋ እናት ዘንድ አይደርስም።

ለኪዎቹ፣ ዘጋቢዎቹና ወጣቶቹ ሊገናኙበት የሚገባውን ቦታ አሳዩኝ ብባል የጎርፍ ትንበያውን እጠቁማለሁ። ኤንትሮ በየክረምቱ ከሰኔ ጀምሮ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ የጣናን ዙሪያ፣ የዓባይን መስመር እስከ ካርቱም፣ ባሮ አኮቦንና ተከዜ አትባራን ይሸፍናል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ከነሩዙ ይዋጣል፤ ጋምቤላ ባሮ ከአፉ ይወጣል፤ ካርቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ወንዙ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሲደርስ ምን እንደሆነች ዓለም አይቷል። የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ ግን ካርታና ሠንጠረዥ የሚያነብ ባለሙያን ታሳቢ ያደረገ ነው። ለፎገራው ገበሬ የሚጠቅመው ከብትህን ዛሬ ማታ ወደ ጉብታው አውጣ የሚል ቃል ነው፤ ያም በአማርኛ፣ ጋምቤላ ላይ በኑዌርና በአኙዋክ፣ ካርቱም ላይ በአረብኛ መድረስ አለበት። ይህን የሚሠራው የወረዳ ሬዲዮና ስልክ ላይ መልእክት ማድረስ የሚያውቅ ወጣት ነው እንጂ ሚኒስትር አይደለም።

አሁን ኢኒሼቲቩ ራሱ ቦታውን ለሌላ ተቋም ሊለቅ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት የኢኒሼቲቩን ንብረት፣ መብትና ግዴታ የሚረከብ የናይል ወንዝ ተፋሰስ ኮሚሽን እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ መቀመጫውም ኢንቴቤ ነው። ግብፅና ሱዳን የስምምነቱ ወገን አይደሉም። ሱዳን የሌለችበት ኮሚሽን የካርቱምን ጎርፍ መተንበይ ይቀጥል እንደሆነ በቶሎ መወሰን ይኖርበታል፤ ዓባይ ድንበር ተሻግሮ በሚገባበት በኤል ዴም ያለውን መለኪያ የሚያነቡት ሱዳኖች ናቸውና።