ስሟ ጠፋኝ፣ መልኳን ግን አልረሳሁትም፦ አንጎላችን የምናውቀውን ሰው እንዴት ይለያል?

ካምፕ ውስጥ ሰልፍ ላይ ቆማችኋል እንበል። ከፊታችሁ ያለችው ሴት ዞር ስትል ክው አላችሁ፦ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ቡና ታፈላ የነበረችው! ከስታለች፣ ጸጉሯን ሸፍናለች፣ ከተያያችሁም ዓመታት አልፈዋል። ግን እሷው ናት። ስሟ ብቻ አልመጣ አለ።

አትጨነቁ፣ አንጎላችን የሚሠራው እንዲህ ነው። ፊትን ለመለየት በይበልጥ የሚሠራ ክፍል አለው። በ1997 እ.ኤ.አ. ናንሲ ካንዊሸር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በምርመራ መሣሪያ አሳይተውታል። የሚገኘው በአንጎል የታችኛው ገጽ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ሲሆን በአብዛኛው ሰው በቀኝ በኩል ይበረታል። ይህ አካባቢ የተጎዳበት ሰው ዓይኑ ደህና ሆኖ ሳለ የገዛ ቤተሰቡን መልክ መለየት ሊያቅተው ይችላል። ድምፃቸውን ሲሰማ ግን ያውቃቸዋል።

ሥራው በደረጃ ነው። መጀመሪያ «ይህን ፊት አውቀዋለሁ» ይላል። ቀጥሎ የት እንደተዋወቃችሁ፣ ሥራዋ ምን እንደነበር ይመጣል። ስም የመጨረሻው ነው፤ ለዚህ ነው ቡናዋን አስታውሳችሁ ስሟ የሚጠፋባችሁ።

የማናውቀውን ሰው ስናይ በጸጉሩና በፊቱ ቅርጽ ላይ ብዙ እንመካለን። በደንብ የምናውቀውን ግን በይበልጥ የምንለየው በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በአፉ ነው። ሲስቅ፣ ሲቆጣ፣ ታሞ፣ ጨለማ ውስጥ ስላየነው ቢከሳም ሻሽ ቢያስርም አይጠፋንም።

በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የሁለት ሆላንዳውያን ሴቶች 40 ፎቶዎች ተደባልቀው ቀረቡ። ሴቶቹን የማያውቁ እንግሊዞች «በየሰዉ ለዩ» ሲባሉ ሰባት ስምንት ሰው የሚሆን ቁልል ሠሩ። ሴቶቹን የሚያውቁ ሆላንዳውያን ግን ያለ ችግር ሁለት አሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያ ፓስፖርት ሠራተኞች ተፈትነው ነበር። ሰውየው የሌላ ሰው ፎቶ ይዞ ሲቀርብ ከ100 ጊዜ 14ቱን «ራሱ ነው» ብለው አሳለፉ። ብዙ ዓመት የሠሩትም ከአዲሶቹ አልተሻሉም።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙ ሐበሻ ሳይሰነባበት ተበታተነ። አንዱ ወደ ገዳሪፍና መተማ፣ አንዱ ወደ ወድ መዳኒ፣ ሌላው ወደ ግብፅ። ዛሬም በስልክ ከሚዘዋወር ፎቶና ቪዲዮ ውስጥ ወንድሙን የሚፈልግ አለ። ስለዚህ፦

የጠፋ ሰው ስትፈልጉ አንድ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ አትላኩ። ሰውየውን የማያውቅ ፈላጊ ከአንድ ፎቶ ብቻ ቢያየው ሊያልፈው ይችላል። በተለያየ ጊዜ የተነሳቸውን፣ ዓይንና አፍ በደንብ የሚታዩባቸውን ጨምሩ። የአባትና የአያት ስም፣ ጠባሳ ካለም ጻፉ።

የተገኘውን ፎቶ አብሮት የኖረ ሰው ይየው። የአንድ ጎረቤት ዓይን ከአሥር እንግዳ ዓይን ይበልጣል።

የእናንተ መታወቂያ ላይ ሠራተኛው «አንተን አይመስልም» ቢል ሁልጊዜ ክፋት ላይሆን ይችላል፤ አያውቃችሁም። ረጋ ብላችሁ በቅርብ የተነሳችሁትን ፎቶና ሌላ ሰነድ አሳዩ።

የሚያውቅም ይሳሳታል። ምስሉ ሲደበዝዝ፣ ናፍቆት ሲበረታ ዓይን ይቸኩላል። ለእናቱ «አለ» ወይም «የለም» ከማለታችሁ በፊት ድምፁን ስሙ፣ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁ። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን በነፃ ያፈላልጋሉ፤ ካምፓችሁ ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ጠይቁ።