አዲስ የስንዴ ዝርያ እንዴት ይወጣል፣ ስንት ዓመትስ ይቆያል?

ከጎጃም ተነስቶ ሱሉልታን አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ የእህል መኪና ከከተማው መጀመሪያ የሚያገኘው ጉለሌን ነው። አዲሱ ገበያ ላይ ቆሞ በጆንያው ውስጥ ያለው ስንዴ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ወፍጮ ቤቱ የፍሬውን ክብደትና ንጽሕና ያያል፣ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱ ውሃ መያዙንና ሊጡ መነሳቱን፣ ሸማቹ ደግሞ ዋጋውን። የእነዚህን ሁሉ መልስ ከብዙ ዓመት በፊት የወሰነው የዝርያ ማውጣት ሥራ ነው፤ ይህ ሥራ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው፣ ብዙ ድልና ብዙ ሐዘንም አይቷል።

ስንዴ በጠባዩ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የብርድ አገር ስንዴ ነው፤ በሩሲያ፣ በቱርክ አምባና በአሜሪካ ካንሳስ በመጸው ተዘርቶ፣ በረዶ ሥር ከርሞ፣ በጸደይ ያሸታል። ለሳምንታት ዜሮ ዲግሪን የተጠጋ ብርድ ካላገኘ ዛላ አያወጣም። ሁለተኛው ይህን ብርድ የማይጠይቀው ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታጨደው የእኛ ስንዴ ከዚህ ወገን ነው። ከእንጦጦ ሥር ያለችው ጉለሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ የብርድ አገሩን ስንዴ በሐምሌ ብንዘራባት ለምለም ሣር ሆኖ ይቆያል እንጂ በጊዜው አያሸትም። የደጋችን ብርድ የሚበረታው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ የእኛ ስንዴ ፍሬ በሚሞላበት ሰሞን ነው።

ሆኖም የብርድ አገሩ ስንዴ ደም ወደ ማሳችን ገብቷል። የሶቪየቱ አዳቃይ ፓቬል ሉክያኔንኮ በክራስኖዳር ያወጣው ካቭካዝ የሚባለው ዝርያ ከአጃ (ራይ) የተወረሰ የክሮሞሶም ቁራጭ ነበረው፤ በቁራጩ ላይ ሦስቱንም የዋግ በሽታ ዓይነቶች፣ የግንድ፣ የቅጠልና የቢጫ ዋግን፣ የሚቋቋሙ ጂኖች ነበሩ። የሜክሲኮው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ሲሚት ካቭካዝን ከሞቃት አገር ስንዴ ጋር አዳቅሎ ቪሪ የተባሉትን ስንዴዎች አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ የተለቀቀው ዳሸን የተመረጠው ከቪሪ ነው። በ1995 የተለቀቀውና ለዓመታት የአርሲን፣ የባሌንና የጎጃምን ማሳ የሸፈነው ኩብሳም አቲላ ከሚባለው የሲሚት ስንዴ የመጣ፣ በቪሪ በኩል የካቭካዝ ዝምድና ያለው ነው።

ከዚያ በፊት አገሪቱ ራሷ ለዓለም የምትሰጠው ነበራት። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ሲያይ ያገኘው የማካሮኒ ስንዴ ወገን ብዛት አስደንቆት፣ አገሪቱን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። የደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ በ1953 ተቋቋመ፤ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966፣ በስዊድን ድጋፍ የተመሠረተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ካዱ በ1967 ተከተሉ። አሰላ አጠገብ በ2,200 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ቁሉምሳ ዛሬ የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና ማዕከል ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ በተጋደሉለትና በ1976 በተቋቋመው የዘር ባንክ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ነባር የስንዴ ናሙናዎች ይጠበቃሉ።

ማዳቀል በቅርብ ሲታይ የእጅና የትዕግሥት ሥራ ነው። ዛላው እንደ ወጣ፣ የወንዴ ዘር ከረጢቶቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ፣ ባለሙያው በመቀስ የአበባውን ሽፋን ጫፍ ይቆርጣል፤ ከዚያም በቀጭን ወረንጦ ከእያንዳንዱ አበባ ሦስቱን ከረጢቶች ይለቅማል። አንዷ ብትቀር አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። እናት የሆነው ዛላ በወረቀት ከረጢት ይሸፈንና ከጥቂት ቀን በኋላ የአባቱ ብናኝ ይራገፍበታል። የመጀመሪያው ትውልድ አንድ ዓይነት ሆኖ ይበቅላል፤ ሁለተኛው ይበታተናል፤ ረጅሙ ከአጭሩ፣ ቀዳሚው ከዘገየው፣ ጤነኛው ከታማሚው ተደባልቆ ይወጣል። መልካሙን እየመረጡ ጠባዩ እስኪጸና አምስትና ስድስት ትውልድ መዝራት ግድ ነው። እንደ 1981ዱ ኢቲ-13 እዚሁ ተዳቅለው የወጡ ዝርያዎች ቢኖሩም፣ አብዛኞቹ የዳቦ ስንዴዎቻችን ከሲሚትና በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ ከሚሠራው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ከኢካርዳ በመጡ መስመሮች ላይ በተደረገ ምርጫ የተገኙ ናቸው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የራሳችንን ነባር ስንዴ በበቂ ሁኔታ እንዳላዳቀልን ያሳያል።

የጸኑት መስመሮች ወደ ፈተና ይገባሉ። የተለመደው የሙከራ መደብ ስድስት መስመር ያለው፣ ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ ከ3 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቁራጭ ነው፤ የጠርዝ መስመሮች ይተዉና መካከለኞቹ አራቱ ይታጨዳሉ። ያሸተበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ ቁመት፣ የሺህ ፍሬ ክብደት፣ ፕሮቲንና ግሉተን ይመዘገባሉ። በመደቦቹ ዙሪያ ደግሞ ሆን ተብሎ ለዋግ የሚሸነፍ ስንዴ ይዘራል፤ ብዙ ጊዜ ሞሮኮ የሚባለው ነው። በሽታው ከእሱ እየተነሳ እጩዎቹን ይፈትናቸዋል። ባለሙያው ቅጠልና ግንድ እያየ ከዜሮ እስከ መቶ ነጥብ ይሰጣል፣ ከጎኑም የመቋቋም ደረጃውን በፊደል ይጽፋል። ያለፉት በብዙ ሥፍራ ለዓመታት ይነጻጸራሉ፤ የመጨረሻዎቹ እጩዎች በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ፣ አሥር በአሥር ሜትር በሆነ መደብ ላይ፣ በሥራ ላይ ካለ ዝርያ ጎን ተዘርተው ብሔራዊ የዝርያ አጽዳቂ ኮሚቴ እቦታው ድረስ ሄዶ ያያቸዋል። ከማዳቀል እስከ ማጽደቅ አሥር ዓመት ገደማ ይወስዳል።

ገበሬው የሚለካው በሌላም መስፈርት ነው። ጭዱ ለከብት ይበቃል ወይ? ዳቦው ይጣፍጣል፣ ንፍሮውና ቆሎውስ? ዝናብ ሲያጥር ይደርሳል? በአማራ ክልል ገረገራ እና በትግራይ ሐገረ ሰላም 60 ገበሬዎች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ ከዘር ባንክ የወጡ 400 የማካሮኒ ስንዴ ናሙናዎችን እንዲመዝኑ ተደርጎ ነበር። የእነርሱ ምርጫ ሳይንቲስቶቹ ከለኩት ጋር ተቀናጅቶ ሲተነተን፣ አንዳንድ ነባር ስንዴዎች ከተሻሻሉት በልጠው ተገኙ፤ ወሃቢት እና ርግኣት የተባሉ ዝርያዎችም ከነባር ስንዴ ተመርጠው ጸድቀዋል። በእኔ እምነት በአገራችን የስንዴ ምርምር ውስጥ ከዚህ ይበልጥ ሊስፋፋ የሚገባው መንገድ የለም።

የጸደቀ ዝርያ ዕድሜ ግን አጭር ነው። በ1974 የተለቀቀው እንኮይ ለሃያ ዓመት ያህል ተወድዶ ቆየና በ1993 እና 1994 በግንድ ዋግ ወደቀ። የዳሸን መከታ የነበረው የአጃው ጂን በ1988 በቢጫ ዋግ ተሰበረ። በዚያው የክሮሞሶም ቁራጭ ላይ ያለው የግንድ ዋግ መከላከያ ደግሞ በ1998 በኡጋንዳ በታየው ዩጂ99 ተሸነፈ፤ ያ ዋግ በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። በ2010 ዝናቡ በረዘመበት ዓመት ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ገላማ የሚባለውን ዝርያ መታ፤ ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ ማሳ ተጎዳ። ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ የታመነው ዲገሉ በስፋት ተዘራ፤ በ2013 መጨረሻ ሌላ የግንድ ዋግ ወገን ተነስቶ በባሌና በአርሲ አንዳንድ ገበሬ ከማሳው ጭድ ብቻ ሰበሰበ። የመሬቱን ግማሽ በአንድ ስም መዝራት ለዋግ ብናኝ ሰፊ ጎዳና መክፈት ነው፤ ነፋስ ከማሳ ማሳ ሲያደርሰው አንድም ቦታ እንቅፋት አያገኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። ካካባ፣ ዳንዳአ፣ ኦጎልቾ፣ ኪንግበርድ፣ ዋኔ፣ ሌሙና ሌሎችም ወጥተዋል። አምቦ ያለው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር የዋግ ወገኖችን ይለያል፤ ደብረ ዘይት ከኬንያው ንጆሮ ጋር ከብዙ አገር የመጣ ስንዴ በዋግ የሚፈተንበት ሥፍራ ሆኗል። በነፋስ አቅጣጫ ላይ የተመሠረተ የዋግ ማስጠንቀቂያም ለልማት ሠራተኞች ይደርሳል። አካባቢውም ሰፍቷል፤ ደብረ ብርሃን ለውርጫማው ደጋ መንዜን ሲያወጣ፣ ወረር ለአዋሽ ቆላ መስኖ ሙቀት የሚችሉትን ፈንታሌንና አሚባራን አውጥቷል።

የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዘር ነው፤ ከአራቢው እጅ የወጣ ጥቂት ኪሎ ቅድመ መሥራች፣ መሥራች፣ ከዚያም የተመሰከረለት ዘር ሆኖ እስኪበዛ ዓመታት ያልፋሉ፤ ገበሬው እጅ ሲደርስ አንዳንዴ መቋቋሙ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሁለተኛው በኩንታል ብቻ መመዘን ነው። እዚሁ ጉለሌ፣ በተለምዶ ፓስተር በምንለው ግቢ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምግብን ይዘት የሚመረምሩ ባለሙያዎች አሉት። አንድ እጩ ስንዴ ከመጽደቁ በፊት ብረቱና ዚንኩ ከምርቱ እኩል ተቆጥሮ ቢቀርብ፣ ውሳኔው ለአዲሱ ገበያ ዳቦ በላተኛም ይበጃል። የዝርያ አጽዳቂዎች ይህን መስፈርት ያስገቡ፤ የክልል ግብርና ቢሮዎችም በአንድ ወረዳ ቢያንስ ሦስትና አራት ዝርያ ተዘርቶ እንዲገኝ በዘር አቅርቦት ዕቅዳቸው ላይ ይጻፉት።