ካላዛር ታክሞ ለምን ይመለሳል? መልሱ ያለው ሴል ውስጥ ነው

ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዳችሁ ዛሪማ ስትደርሱ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ከዚህ አካባቢና ከዳባት ደጋ ብዙ ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል። አንዳንዱ ታዲያ ከደሞዙ ጋር ካላዛርን ይዞ ይመለሳል። ይባስ ብሎ ታክመው ከዳኑት መካከል በሽታው ደግሞ የሚይዛቸው አሉ። ለምን? ዛሬ ይሄን እናያለን።

መጀመሪያ በሽታው

ካላዛርን የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ በብዛት የምትነክሰው ሌሊት ነው። ቀን በተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈር ውስጥ ትደበቃለች። ማሳ ዳር ግራር ሥር የሚያድር የቀን ሠራተኛ በቀላሉ ያገኛታል።

ተሕዋሱ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ያጠቃል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል።

ዘበኛው ቤት የገባ ሌባ

ሰውነታችን ማክሮፌጅ የሚባሉ ዘበኛ ሴሎች አሉት። ሥራቸው ጠላትን ውጦ መግደል ነው። የካላዛር ተሕዋስ ግን ሲዋጥ አይሞትም፤ እዚያው ዘበኛው ሆድ ውስጥ ይኖራል፣ ይራባል።

ዘበኛው ተሕዋሱን የሚገድለው ናይትሪክ ኦክሳይድ በሚባል መርዝ ነው። መርዙ የሚሠራው አርጂኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ችግሩ፣ አርጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያንኑ አርጂኒን ይሻማል፤ የሚወጣው ደግሞ ለተሕዋሱ ማደጊያ ይሆናል። አንድ ጆንያ እህል ለዘበኛው ስንቅ መሆን ሲገባው ለሌባው ቀለብ ሆነ ማለት ነው።

ጎንደር ላይ ምን ተገኘ?

በሽታ ሴልና ሞለኪውል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ብዙ ጊዜ የፒኤችዲ ተማሪዎች ሥራ ነው። ለዓመታት አንድ ጥያቄ ይዘው የደም ናሙና ይመረምራሉ። «ይሄ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አይጠፋም። እንግዲህ እነሆ፦

እ.ኤ.አ. በ2013 ታምራት አበበና ባልደረቦቹ ጎንደር ከታከሙ የካላዛር ታማሚዎች ደም ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። የአርጂኔዝ ሥራ በታማሚዎቹ ደም ከጤነኞች ይልቅ ከፍ ያለ ነበር፤ ሕክምናው ሲሳካ ግን ይወርዳል። ስለዚህ በሽታው ያለበትን ደረጃ ጠቋሚ ሊሆን ይችላል አሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ሲይዙ ነው። መድኃኒቱ አብዛኛውን ተሕዋስ ይገድላል፤ የቀረውን አፍኖ የሚይዘው የሰውነት መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኛሰው ታከለና ባልደረቦቹ፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና ከኢምፔሪያል ኮሌጅ ለንደን፣ ሁለቱም በሽታዎች ያሉባቸውን ሰዎች እስከ 3 ዓመት ተከታትለው ያዩትን አወጡ። በሽታው በሚመለስባቸው ሰዎች ላይ ሲዲ4 የሚባሉት ሴሎች አነስተኛ ናቸው። ቲ ሴሎቻቸው ደክመዋል፤ ዘበኛውን የሚያነቃው ኢንተርፌሮን ጋማም በቂ አይደለም። ባጭሩ ዘበኛው አለ፣ ግን የሚቀሰቅሰው የለም።

ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

ሰውየው ውጪያዊ ምልክቱ ጠፍቶ «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ዛሪማ ቢመለስም፣ የደሙ ሁኔታ ሌላ ሊናገር ይችላል። ማን ላይ እንደሚመለስ ቀድሞ ማወቅ ከተቻለ ያንን ሰው ጠጋ ብሎ መከታተል ይቻላል። ሕክምናውም እየተሻሻለ ነው፤ ጎንደርና አብደራፊ የተደረገ ጥናት ታክሎበት የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ሁለቱም በሽታዎች ላሉባቸው ሰዎች አምቢሶም መርፌና ሚልቴፎሲን እንክብል አብረው እንዲሰጡ መክሯል።

እናንተስ?

ወደ ቆላ ሥራ የሚወርድ ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ንገሩት፦ አጎበር ይያዝ። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየበት፣ ከከሳና በግራ በኩል ሆዱ ካበጠ፣ «ወባ ነው» ብሎ አይቀመጥ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ቆላ እንደነበረ ይናገር፤ የካላዛር ምርመራም ይጠይቅ። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይደረግ። ከዚህ በፊት ታክሞ የዳነም ቢሆን ስሜቱ ከተመለሰ ቶሎ ይሂድ፤ የተመለሰበት በስንፍናው አይደለም፣ ሴሉ ውስጥ ያላለቀ ጦርነት ስላለ ነው።

ለሚመለከተው ሰው አጋሩት።